ናይትሬትን የለመደ ልብ ሕመሙን ይደብቃል? የአንድ ጥያቄና የ18 መልሶች ክር

ክሩን፣ ማለትም ይህን በጽሑፍ የሚካሄድ ውይይት፣ የከፈተው የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ጥያቄው አጭር፣ ድምዳሜው ግን ደፋር ነበር። ናይትሮግሊሰሪን ናይትሬት ከሚባሉት ደም ሥር የሚያሰፉ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ፓቹን (ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን) ሌት ተቀን ሳያነሡ የሚለጥፉ የልብ ሕሙማን ቶሎ መድኃኒቱን ይላመዱታል፤ ይህን የሚክድ የለም። የእሱ አባባል ግን ከዚህ ያልፋል፦ የሚላመደው የደም ሥሩ ብቻ ሳይሆን የልብ የስሜት ነርቭም ነው፤ ነርቩ ከደነዘዘ ሕመምተኛው የደረት ውጋቱ አይሰማውም፤ ስለዚህ ፓችን ያለማቋረጥ መለጠፍ ልብ እየታፈነ ዝም እንዲል ማድረግ ነው። መጨረሻ ላይ፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ ብሎ በአክብሮት ጠየቀ። ታረመ፤ ሁሉም በአክብሮት ነው ለማለት ግን ይከብዳል።

1ኛው መልስ የፋርማሲስት ነው። መጀመሪያ ቃሉን አጠራ፦ መላመድ ሱስ አይደለም፤ ያው መጠን ያንኑ ሥራ መሥራት ሲያቅተው ማለት ነው። ቀጥሎ የታወቀውን የደም ሥር ታሪክ አስቀመጠ። ናይትሮግሊሰሪን ባለበት መልኩ በቀጥታ የሚሠራ መድኃኒት አይደለም፤ ደም ሥርን የሚያሰፋውን ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲሰጥ የሴሉ ሚቶኮንድሪያ (የኃይል ማመንጫ) ውስጥ ባለው አልዲሃይድ ዲሃይድሮጂኔዝ 2 በተባለ ኢንዛይም መፈታት አለበት። በ2002 እንደታየው ኢንዛይሙ ይህን ሲሠራ ራሱ ይጎዳል፤ እረፍት ካላገኘ የሚፈታው መድኃኒት ያንሳል። በዚህ ላይ በ1995 የወጣው ግኝት አለ፦ የተላመደ የደም ሥር ሱፐርኦክሳይድ የተባለ ጎጂ የኦክሲጅን ዓይነት ያመርታል፤ ሱፐርኦክሳይድ ደግሞ የተገኘችውን ትንሿን ናይትሪክ ኦክሳይድ እያሳደደ ያጠፋታል። ሰውነትም በበኩሉ ደም ሥር የሚያኮማትረውን አንጂዮቴንሲንን ከፍ ያደርጋል፤ ውኃና ጨው ይይዛል። ይህ ሁሉ 24 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ነርቭ የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ አላየሁም ብሎ ዘጋ።

2ኛው መልስ ሁለት መስመር ነው፤ ፋርማሲስቱን አመስግኖ የዲናማይት ፋብሪካ ሠራተኞችን የሰኞ ራስ ምታት አነሣ። ለጊዜው ማንም አልመለሰለትም።

3ኛውን የጻፈችው የፊዚዮሎጂ መምህርት ናት፤ ክሩ ዋጋ ያገኘው እዚህ ላይ ነው። የጠያቂው ስሕተት ነርቩን እንደ ስልክ ሽቦ ብቻ ማየቱ ነው አለች። በልብ ጡንቻና በደም ቅዳዎቹ ዙሪያ የተዘረጉት ቀጫጭን የስሜት ነርቮች ሁለት ሥራ አላቸው። አንደኛው ወሬ ማድረስ ነው፦ ደም ሲያጥር የሚጠራቀሙት አሲድ፣ ብራዲኪኒንና አዴኖሲን ጫፋቸውን ሲነኩት ምልክቱ በስቴሌት ጋንግሊዮን (አንገት ሥር ባለው የነርቭ ቋጠሮ) በኩል ወደ ላይኛው የደረት ሕብለ ሰረሰር ይገባል፤ የግራ ክንድ ስሜትም በዚያው ሰፈር ስለሚገባ አንጎል ሕመሙን ክንድ ላይ ያስቀምጠዋል። ከልብ የታችኛው ግድግዳ የሚነሣው ወሬ ብዙውን ጊዜ በቬገስ ነርቭ በኩል ስለሚያልፍ ማቅለሽለሽና የምት መዘግየት ይታይበታል። ሁለተኛው ሥራ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፦ ያው የነርቭ ጫፍ ሲነቃ የአንጎልን ትእዛዝ ሳይጠብቅ እዚያው ቦታው ላይ ሲጂአርፒ የተባለውን 37 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድና ሰብስታንስ ፒን ይረጫል። ሲጂአርፒ ደም ቅዳን ከሚያሰፉ የሰውነት ውሕዶች ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። እንግዲህ የናይትሬት መላመድ ነርቩን ይነካል ሲባል የትኛውን ሥራ ነው? መርጨቱን ነው ወይስ ወሬ ማድረሱን? የሁለቱ ትርጉም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል ብላ ጥያቄውን ወደ ጠያቂው መለሰችው።

ከዚህ በኋላ በክሩ ውስጥ ሁሉም ሰው «መርጨት» እና «ወሬ ማድረስ» የሚሉትን ቃላት መጠቀም ጀመረ። መምህርቷ ሌላ ባትጽፍ እንኳ ይህ ብቻ ይበቃት ነበር።

4ኛው መልስ የከፋቹ ሐኪም ነው። ሁለቱን ሥራ መደባለቁን አመነ፤ ሆኖም ናይትሮግሊሰሪን ራሱ የነርቩን ጫፍ እንደሚነካ ማስረጃው የት አለ ሲል ጠየቀ። የፋርማሲስቱ ጥርጣሬም ይኸው ነበር።

5ኛው ረጅሙ ነው፤ የአይጥ ልብ ላይ የሚሠራ የፋርማኮሎጂ ተመራማሪ ጻፈው። ናይትሪክ ኦክሳይድ በደም ሥር ጡንቻ ውስጥ ጡንቻውን የሚያላላውን ሳይክሊክ ጂኤምፒን ከፍ ማድረጉ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከሃይድሮጂን ሰልፋይድ ጋር ሲገናኝ ናይትሮክሲል ይሠራል፤ ናይትሮክሲል በነርቩ ጫፍ ላይ ያለውን ቲአርፒኤ1 የተባለ በር ይከፍታል፤ ካልሲየም ይገባል፤ ሲጂአርፒ ይወጣል። ይህ በ2014 ታትሟል። ስለዚህ ናይትሬት ደም ሥር የሚያሰፋው በራሱ ብቻ ሳይሆን ነርቩን እያስረጨም ነው።

ከዚያ ወደ ሙከራው ገባ። የሃንጋሪዋ ሴጌድ ከተማ ይህን ነርቭ በበርበሬ የማጥናት ልማድ ያላት ናት፤ ተመራማሪው ያንቾ ሚክሎሽ በ1940ዎቹ ካፕሳይሲን (በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ውሕድ) በብዛት ሲሰጥ የስሜት ነርቭን መጀመሪያ እንደሚያቃጥል፣ ቀጥሎ እንደሚያደነዝዝ ያየው ሃንጋሪ ውስጥ ነው፤ በኋላም በሴጌድ ሠርቷል። ዛሬም ዘዴው ያው ነው። አይጦቹ በማደንዘዣ ሥር ሆነው ለ3 ቀን ከቆዳ ሥር ካፕሳይሲን ይወጋሉ፤ መጠኑ 10፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ 50 ሚሊግራም ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት። ማደንዘዣው ሲሳሳ ወይም የመጀመሪያው ዶዝ ከፍ ሲል አይጡ ትንፋሹ ተዘግቶ ይሞታል፤ ከትንሹ የሚጀመረው ለዚህ ነው። ነርቩ ባዶ መሆኑ፣ ማለትም የሚረጨው ተሟጦ መደንዘዙ፣ ደግሞ በግምት አይታለፍም፦ የሳሳ የካፕሳይሲን ጠብታ ዓይኑ ላይ ይደረግና ጤነኛው አይጥ በእግሩ ደጋግሞ ሲጠርግ የደነዘዘው ዝም ይላል። የሚጠርግ ከተገኘ ከሙከራው ይወጣል። በእንዲህ ዓይነት አይጦች የታየው ይህ ነው፦ ጤነኛ ልብ አስቀድሞ በኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ በፍጥነት እንዲመታ ቢደረግ፣ በኋላ የሚመጣበትን የደም እጥረት በተሻለ ይቋቋማል፤ ነርቩ ባዶ የሆነ ልብ ግን ይህን ጥበቃ ያጣል። ያለማቋረጥ ናይትሮግሊሰሪን ፓች የተለጠፈላቸው ጥንቸሎችም ይኸው ጥበቃ ተዳክሞባቸዋል። መላመዱ የሚነካው መርጨቱን ነው ሲል ደመደመ፤ ወሬ ማድረሱ ቀነሰ የሚል ነገር ግን ከዚህ አይወጣም።

6ኛውን የጻፉት ሌሎቹ በአንቱታ የሚጠሯቸው አንጋፋ የልብ ሐኪም ናቸው። ሙከራው ጥሩ ነው፤ ግን አይጥ ሰው አይደለም ብለው ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሱበት። ኤሬኑማብ የተባለው የማይግሬን መድኃኒት የሲጂአርፒን መቀበያ ይዘጋል፤ በ2018 የጸና የደረት ውጋት ላለባቸው ሰዎች 140 ሚሊግራም በደም ሥር ተሰጥቶ በመሮጫ ማሽን ሲፈተኑ የሚቆዩበት ጊዜ ከባዶ መድኃኒቱ የተለየ አልሆነም። ሲጂአርፒ ለሰው ልብ ያን ያህል ዋልታ ከሆነ ይህ ለምን ሆነ?

ተመራማሪው በ7ኛው መለሰላቸው፤ አንቱታው እንዳለ ነው፣ ቃሉ ግን ሾለ። አንድ ዶዝ በአንድ ቀን ተሰጥቶ የተገኘ ውጤት፣ የሕመም ስሜት ሲጀምረው በሚቆም ሩጫ ላይ፣ ደም ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ ስለሚሆነው አይመሰክርም አለ። ደግሞም መሮጫ ማሽኑ የሚለካው በከፊል ወሬ ማድረሱን ነው፤ እኛ የምናወራው ስለ መርጨቱ ነው። በኔ ግምት እዚህ ላይ ነጥቡ የእሱ ነው፤ ሐኪሙ ግን፣ ያም ሆነ ይህ፣ ሰው ላይ የተሠራ ማስረጃ ቁጥሩ ጥቂት መሆኑን በትክክል አስታውሰዋል።

8ኛው ክሩን ወደ ወጥ ቤት ወሰደው። ካፕሳይሲን ነርቭን ካደነዘዘ፣ በበርበሬና በሚጥሚጣ ያደገ ሕዝብ የልቡ ነርቭ ቀድሞ አልደከመም ወይ? ጥያቄው የቀልድ ይመስላል፤ ጠያቂው ግን ከልቡ ነው።

9ኛው፣ ያው ተመራማሪ፣ በሒሳብ መለሰ። የአይጡን ድምር 90 ሚሊግራም በኪሎ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ብናባዛው 5.4 ግራም ንጹሕ ካፕሳይሲን ይሆናል። ንጹሕ ካፕሳይሲን በማቃጠል መለኪያው 16 ሚሊዮን ስኮቪል ነው፤ 50 ሺህ ስኮቪል የሚደርስ ኃይለኛ በርበሬ በግራም 3 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። ስለዚህ 1.8 ኪሎ ዱቄት በ3 ቀን፣ ያውም ተበልቶ ሳይሆን ተወግቶ። የሚበላውን ጉበት አብዛኛውን ስለሚያፈርሰው ልብ ጋ የሚደርሰው ኢምንት ነው። ሚጥሚጣ የለመደ ምላስ አለመንገብገቡ ግን ያው የመደንዘዝ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ እዚያው ምላስ ላይ ያልቃል። ከዚህ በኋላ ስለ በርበሬ መታመስና ስለ ጉሮሮ ማሳል አራት ሰዎች ሳይቆጠሩ ጣልቃ ገቡ፤ አለፍኳቸው።

10ኛው የልብ ክፍል ነርስ ናት፤ ነገሩን ወደ አልጋው ዳር መለሰችው። ነርቩ ይሁን ኢንዛይሙ፣ መፍትሔው ያው ነው አለች፦ በየቀኑ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚረዝም ከመድኃኒቱ ነጻ የሆነ ጊዜ። ፓች በሰዓት 0.2 ወይም 0.4 ሚሊግራም ከሚለቀው ይጀመራል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ይለጠፋል፤ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ይነሣል። የሚሳሳቱበትንም ዘረዘረች። ሰው አዲሱን ለጥፎ አሮጌውን ማንሣት ይረሳል፤ ከጀርባ የተለጠፈ ደግሞ ማንም አያየውም፤ ስለዚህ ደረት ወይም ክንድ ላይ፣ ፀጉር በሌለበት፣ በየቀኑ ቦታ እየለወጡ። የተነሣው ፓች ውስጥ መድኃኒት ስለሚቀር ተጣባቂው ወደ ውስጥ ታጥፎ ሕፃን ከማይደርስበት ይጣላል። ልብ ምቱ እንዲስተካከል በኤሌክትሪክ ሊደነግጥ ከሆነ ፓቹ አስቀድሞ ይነሣል፤ አንዳንዱ ጀርባው አሉሚኒየም ስላለው ብልጭታ ያስነሣል። የምሽቱ ውጋት የሚብሰው ሕመምተኛ ከሆነ ሰዓቱ ይገለበጣል፤ ነጻው ጊዜ ቀን ይሆናል። በነጻው ሰዓት ውጋቱ እንዳያገረሽ ቤታ ብሎከር (የልብን ምት የሚያዘገይ መድኃኒት) ወይም ሌላ መድኃኒት ክፍተቱን ይሸፍናል፤ ይህን ሳያስቡ ፓች ብቻ ማንሣት ሌላ ችግር ነው።

11ኛው አመስግኖ ክኒኑን ጨመረ፦ አይሶሶርባይድ ሞኖናይትሬት የተባለው ሌላ ናይትሬት፣ 20 ሚሊግራም በ8 ሰዓትና በ3 ሰዓት።

ጠቡ የተነሣው እዚህ ነው። 12ኛው መልስ፣ በቁጣ፣ በየትኛው ሰዓት ነው የምትጽፈው ሲል ጠየቀ። በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 8 እና ከሰዓት 3 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ለሕመምተኛ 8 እና 3 ብለህ ብትጽፍለት ከቀኑ 8 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት ይውጣል፤ ሰው ልትገድል ነው አለው። እርስዎ መባሉ እዚህ አበቃ። 13ኛው (የ11ኛው ጸሐፊ ነው) በአንተ መለሰ፤ የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ሐኪም የሚያነብ ሁሉ ያውቃል፣ አንተ ግን ለመንቀፍ ብቻ ነው የመጣኸው አለ።

ያረገበው 14ኛው፣ የፊዚዮሎጂ መምህርቷ ናት፤ ሁለቱንም አረመች። ሰዓቱ ቢምታታም በሁለቱ ክኒኖች መካከል ያለው 7 ሰዓት ያው 7 ነው፤ ከሁለተኛው እስከ ነገው መጀመሪያ ያለው 17 ሰዓትም ያው ነው፤ ስለዚህ መላመዱ አይባባስም። የሚበላሸው ሌላ ነገር ነው፦ የልብ ደም እጥረት በብዛት የሚታየው ከንጋት እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት የጀመረ ሰው ያን ጠዋት ያለ መድኃኒት ያሳልፈዋል። ስለዚህ ስሕተቱ የመጠን ሳይሆን የጥበቃ ሰዓት ነው። ወረቀቱ ላይ ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ የሚለው ቃል ከቁጥሩ ጋር ይጻፍ፤ ቀኑን ሙሉ የሚለቀው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ሳይቆረጥና ሳይታኘክ። 12ኛው ይቅርታ አልጠየቀም፤ ግን ዝም አለ።

15ኛው ከምላስ ሥር ስለሚቀመጠው የናይትሮግሊሰሪን ክኒን ነው፤ ፋርማሲስቱ ተመልሶ መጣ። ይህ አልፎ አልፎ ስለሚወሰድ መላመድ አያመጣም፤ ችግሩ ማርጀት ነው። ከመጀመሪያው ጠርሙሱ ወደ ፕላስቲክ ዕቃ ከተዛወረ መድኃኒቱ እየተነነ ያልቃል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ጥጥ ከተተወም ጥጡ ይመጠዋል። ከ25 ዲግሪ በታች፣ ክዳኑ ጥብቅ። ምላስን ካልነዘረው ተበላሽቷል የሚለው ያረጀ ምክር ነው፤ የዛሬዎቹ የተረጋጉ ክኒኖች ሳይነዝሩም ይሠራሉ። ተቀምጦ መውሰድ፤ ከአንዱ በኋላ በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልቀለለ ወይም ከባሰ እርዳታ መጥራት፤ እርዳታው እስኪደርስ በየ5 ደቂቃው እስከ 3። ለወንድ ብልት መቆም ችግር ከሚሰጡት መድኃኒቶች ሲልዴናፊል የወሰደ ሰው 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል የወሰደ 48 ሰዓት ሳይሞላው ናይትሬት አይነካም፤ የደም ግፊቱ ይወድቃል። እዚህ ላይ አንድ ሰው ይህን ለሐኪም መናገር የሚያፍር ስንት አለ ብሎ ሊያወራ ጀመረ፤ አልቀጠለም።

16ኛው የጽኑ ሕሙማን ነርስ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን በደቂቃ 5 ማይክሮግራም ተጀምሮ በየ3 እስከ 5 ደቂቃ በ5 ይጨመራል። ተራው የፒቪሲ ፕላስቲክ ቱቦ መድኃኒቱን ስለሚመጥ ሕመምተኛው ጋ የሚደርሰው ከማሽኑ ቁጥር ያነሰ ነው። ተንኮሉ ቱቦው ሲለወጥ ነው፦ ከፒቪሲ ወደ ፖሊኢትሊን ቱቦ ሲዛወሩ ፍጥነቱን ሳይቀንሱ ከቀጠሉ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል። በሁለተኛው ቀን መጠኑ እየተጨመረ ግፊቱ ካልተነቃነቀ ግን ቱቦውን ከመውቀስ በፊት መላመዱን ማሰብ ነው።

አንጋፋው ሐኪም በ17ኛው ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መለሱን፤ የክሩ ምርጥ መልስ ለኔ ይህ ነው። ወሬ ማድረሱ የሚጠፋበት ልብ አለ፤ ግን ጥፋተኛው ናይትሬት ሳይሆን የቆየ ስኳር ነው አሉ። በስኳር ነርቮቹ ሲጎዱ ሁለቱም ሥራ ይደክማል፤ ሕመምተኛው ደረቱን ሳይዝ በትንፋሽ ማጠር፣ በላብ፣ በማቅለሽለሽ ወይም ባልታወቀ ድካም ብቻ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ፓች ለጥፎ ውጋት የለኝም ሲል ያ ቃል ስለ ልቡ የሚነግረን ትንሽ ነው፤ ኢሲጂው (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራው) መታየት አለበት። ስኳር የሌለበት ሰው ናይትሬቱን ሲላመድ የሚሆነው ግን ጠያቂው የፈራው ተቃራኒ ነው፦ መድኃኒቱ ስለደከመ ውጋቱ ይመለሳል እንጂ አይደበቅም። ፓች በለጠፉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣው ራስ ምታት ቀስ በቀስ መጥፋቱም የመላመድ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሲጂአርፒ በራስ ምታቱ ውስጥ እጁ እንዳለበት ይታወቃል። ነርቩ ነው የደከመው ወይስ ደም ሥሩ ብሎ በራስ ምታት መለየት ግን አይቻልም።

18ኛው በመጨረሻ የ2ኛውን የሰኞ ራስ ምታት አስታወሰ። የዲናማይት ሠራተኞች ሳምንቱን ናይትሮግሊሰሪን በቆዳቸውና በትንፋሻቸው እየወሰዱ ይላመዱታል፤ እሑድን አርፈው ሰኞ ሲመለሱ ራሳቸው ይፈነዳል፤ መላመዳቸው እንዳይጠፋ ባርኔጣቸው ውስጥ ጥቂት ይዘው የሚሄዱ ነበሩ። አንዳንዶቹ ደግሞ በእረፍቱ ቀን የደረት ውጋት ያዛቸው፤ የልብ ደም ሥራቸው ጤነኛ የነበረው ሳይቀር። ኬሚስቱ ሶብሬሮ በ1847 ቱሪን ውስጥ ውሕዱን ሲሠራ ቀምሶ ራሱን ያመመው ይኸው ነገር ነው፤ ሐኪሙ መረል ለደረት ውጋት መስጠቱን ያሳተመው በ1879 ነው። ናይትሬት በድንገት ሲቋረጥ ደም ሥር እንደሚኮማተር ያስተማሩን እነዚያ ሠራተኞች ናቸው፤ ስለዚህ ለወራት ከፍ ባለ መጠን የወሰደ ሰው በአንድ ቀን አይቆምበትም፣ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል።

ከዚህ በኋላ ከፋቹ ሐኪም የክሩን ርእስ አረመው። «ሕመሙን ይደብቃል» የሚለውን አውጥቶ «የስሜት ነርቩን መርጨት ይቀንሳል» የሚለውን አስገባ፤ ከሥሩም ማስረጃው የእንስሳት መሆኑን ጻፈ። ነርሷ ሰዓቱን ከጠዋቱና ከምሽቱ ብሎ የሚለይ የፓች ካርድ አዘጋጅታ ሰቀለች፤ ከሁሉ ቀድሞ ለራሱ ያወረደው 11ኛው ነው።